ሣር የበላው ጀልባና የጉኑኖው መሬት

ለተወደድከው ወንድሜ ለቶማ ጦና፣
ምፅዋ

ከታናሽ ወንድምህ ከዳና የተላከው ሰላምታ ከሶዶ ተነሥቶ፣ በአዲስ አበባ አድሮ፣ በአሥመራ ብርድ ተመትቶ፣ የምፅዋ ሙቀት ሳያቀልጠው እጅህ ይግባ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያ የጀልባ ብረት የወደቀበት እግርህ ዳነልህ ወይስ አሁንም ሴት ስታይ ብቻ ነው ማንከስ የምትተወው? እንቅልፍ ትተኛለህ? ወይስ ሌሊቱን እንደ ቅቤ ስትቀልጥ አድረህ ጧት ጧት ትረጋለህ? እኔ ስለ አንተ ስጠየቅ «ምፅዋ ላይ ሞተር ይፈታል» እላለሁ፤ መግጠም መቻልህን ግን ስላላየሁ አልመሰክርም።

እኛ በጌታ ቸርነት ሁላችንም በእግራችን ቆመናል። እማማ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷን ይቆረጥማታል፤ ዝናቡ ሲሄድ ደግሞ እኛን ትቆረጥመናለች። እህታችን አሳየሽ አድጋለች፤ ምላሷ ግን ቁመቷን ቀድሟል። እኔና ትምህርት ቤቱ በስድስተኛ ክፍል ተማክረን በሰላም ተለያይተናል፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አባባ ጻፍ ብለውኝ ነው። የእሳቸውን ቃል ላስቀድም። «ለቤተሰብ መዝናኛ የሚሆን ጀልባ ልይዝ ነው። አንዱ ከኋላው በሚሽከረከር ምላጭ፣ በፕሮፔለር የሚሄድ ነው፣ አንዱ ጄት የሚሉት ነው። አንተ ነገሩን ታውቃለህና የቱ እንደሚሻል ምረጥልኝ በለው» አሉ። ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በምትኩ የሚሄደው የጉኑኖው መሬት ነው፤ ባይራ፣ የበኩር ልጅ ነውና የእሺታ ቃሉን ይላክ» ብለው ጨመሩ። አዎን፣ ያው የአንተው መሬት ነው። ተመልሰህ አግብተህ ቤት ትሠራበታለህ ተብሎ የተቀመጠልህ መሬት ውሃ ላይ ሊንሳፈፍልህ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ጥጥና ቆዳ የሚነግዱትን አቶ ገብረአማኑኤልን መቼም አትረሳቸውም። አባያ ሐይቅ ዳር ጥጥ ያለማ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲገባ ሁለት ጀልባዎቹን ለእሳቸው ትቶ ሄደ። እሳቸው ደግሞ ውሃ የሚወዱት በብርጭቆ ብቻ ነው። ዓይናቸው ያረፈው ከጉኑኖ መንገድ ዳር ባለው መሬትህ ላይ ነው፤ ወፍጮ ሊተክሉበት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከፈረንጅ መጽሔት የተቀደደ ሥዕል ይዘው ቤታችን መጡ። ሥዕሉ ላይ አባት፣ እናት፣ ልጆችና አንድ ውሻ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ውሻው ሳይቀር ይስቃል። አባባ ያንን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈው እንጀራ ሲበሉ ሳይቀር ያዩት ጀመር። ሰው ውሻ ሲስቅ አይቶ መሬቱን ይሰጣል? የእኛ አባት ይሰጣሉ።

ውሉ ደግሞ እንዲህ ነው። አባባ ጄቱን ከመረጡ መሬቱ በሙሉ ይሄዳል፤ ፕሮፔለሩን ከመረጡ ባሕር ዛፍ ያለበት ግማሹ ብቻ ይሄዳል። አቶ ገብረአማኑኤል ምላሳቸውን ማር ቀብተው «ጄቱ እኮ ከኋላው የሚወጣ ምላጭ የለውም፤ ልጅ ውሃ ውስጥ ቢገባ እግሩን አይቆርጥም፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በማይበልጥበት ሁሉ ይሄዳል፤ ለቤተሰብ ነው የተሠራው» ይላሉ። ፕሮፔለሩንም ማማት አይፈልጉም፤ «ነዳጅ አይበላም፣ ቢበላሽ ማንም ይጠግነዋል» ይላሉ። እማማ «የቶማ ነገርስ?» ብትል አባባ ምን አሉ መሰለህ? «ቶማ ኑሮውን ባሕር ላይ አድርጓል፤ ለዓሣ መሬት ምን ያደርግለታል?» አሉ። እማማ ድስቱን እንዴት አድርጋ እንዳስቀመጠችው ብትሰማ ምፅዋ ድረስ ያስደነግጥህ ነበር።

የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ አይተን እንድንመርጥ ተብሎ ቤተሰቡ በሙሉ በአቶ ገብረአማኑኤል የጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሁምቦ ወረደ። አጎታችን አንጁሎም ከነጋቢያቸው አብረውን ነበሩ። መኪናው ቀደም ብሎ ቆዳ ያመላልስ ስለነበር ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገባ፣ አፋችን ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬ ቁርሴ ላይ ይመጣብኛል። ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ይህን ያህል ሲያቅለሸልሸው አይቼ አላውቅም።

ሐይቁን ደግሞ ሰው ሲያወራ ሰማያዊ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ አባያ ቡኒ ነው። ሰው ጭቃ እግሩን ታጥቦ የደፋው ውሃ ይመስላል። ዳሩ ላይ የጉማሬ ፋንድያ ተንሳፍፎ እንደ እርሾ ይነፋል። አባባ በዚያ መሃል ቆመው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው «አየሩ እንዴት ያምራል» አሉ። ዝንብ አፋቸው ውስጥ ገብታ ዐረፍተ ነገሩን ጨረሰችላቸው።

መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ሞከርን። የአቶ ገብረአማኑኤል ሾፌር ገመዱን ስቦ ስቦ ሞተሩን ሲያስነሣው ጭሱ ፊታችን ላይ ተጋገረ። ትንሽ እንደ ሄድን ከሥር አንድ ነገር ያዘን። ለካስ ዳልጮ የሚባለው ዓሣ አስጋሪ መረቡን ዘርግቶ ኖሯል፣ ፕሮፔለሩ መረቡን እንደ ፈትል ጠመጠመው። ጀልባው ቆመ፣ መወዛወዝ ጀመረ፣ አሳየሽም የበላችውን ሁሉ በአጎታችን ጋቢ ላይ መለሰች። ሾፌሩ ሞተሩን ከውሃ ወደ ላይ አንሥቶ መረቡን በቢላ ሲቆርጥ ዳልጮ ከዳር ሆኖ «መረቤን ነው እንጂ አንጀቴን አትቁረጥ፣ ቀስ በል» ይላል። አቶ ገብረአማኑኤል «ዓሣ በሊታ ደግሞ አፍ አለው» ብለው ወደ ውሃው እንትፍ አሉ። ነፋሱ ምራቃቸውን የመለሰው ወደ እኔ ነው። የመዝናኛ ድርሻዬ ይኸው ነው።

ከዚያ የጄቱ ተራ ሆነ። አጎታችን አንጁሎ አዲስ ዕቃ ሳይመረቅ አይነካም ብለው አስቀድመው ተዘጋጅተዋል። እንደ ጥንቱ ለምለም ሣር በክንዳቸው ሙሉ አጭደው ቅቤ አስነክተውት መጡ። አባባ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ስለሆኑ ይህን እንዳላዩ ለመሆን ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ፤ ደመናው ምን እንደሚያህል ያን ዕለት ያወቁ ይመስለኛል። አጎታችን «እንደ ሣር ለምልም፤ ጉዞህ ይለምልም፤ ቤተሰቡን ደስ አሰኝ» እያሉ ያንን ሁሉ ሣር በጀልባው ፊትና ጎን ውሃው ላይ በተኑት። እኛም አሜን አልን። ሾፌሩም አሜን አለ፤ እሱ እንኳ ማወቅ ነበረበት።

አንተ ሥራህ ስለሆነ ታውቀዋለህ፤ ይህ ጄት የሚሉት ውሃውን በሆዱ ሥር ባለ ቀዳዳ ጠጥቶ በመቀመጫው በኩል ይተፋዋል፣ የሚሄደውም በመትፋቱ ነው። ሲነሣ እውነት እልሃለሁ በረረ። አባባ ባርኔጣቸውን ይዘው ሥዕሉ ላይ እንዳለው ሰውዬ ጥርሳቸውን አሳዩ። እኔም ውሻው ጎደለ ብዬ ጮኽኩላቸው። ሐይቁ መሃል ልንደርስ ስንል ግን ጀልባው አንዴ አሳለው፣ ሁለተኛ አሳለው፣ ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ቀጥ አለ። በሆዱ የጠጣው የአጎታችንን ምርቃት ነው። ሣሩ ጉሮሮው ላይ ተወትፎ ውሃ የሚገባበት ጠፋ።

ሾፌሩ በሆዱ ተኝቶ እጁን ከሥር አስገባ፤ አባባ እንዳይወድቅ ሁለት እግሩን አቅፈው ያዙ። ያ ካልሲ ለስንት ጊዜ ውሃ እንዳላየ ከፊታቸው አነበብኩት። ሾፌሩ መጀመሪያ ያወጣው ጭብጥ ሣር ነው፤ ሁለተኛ ያወጣው ሣርና ፋንድያ ነው፤ ሦስተኛ ያወጣው ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ያረፈው ግን በአባባ ነጭ ሸሚዝ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ነፋሱ ጉማሬዎቹ ወዳሉበት ይወስደናል። ጆሯቸው ብቻ ይታያል። እማማ አሳየሽን በነጠላዋ ሸፍና መጸለይ ጀመረች። አቶ ገብረአማኑኤል «አይዟችሁ፣ ጉማሬ ጄት ይፈራል» ሲሉ እኔ ከኋላቸው ጠጋ ብዬ እንደ ጉማሬ በአፍንጫዬ ነፋሁባቸው። ዘለው እማማ ጭን ላይ ተቀመጡ። ከቀኑ ሁሉ የተዝናናሁት ያኔ ነው፤ አባባ በጥፊ እስኪሉኝ ድረስ ማለቴ ነው።

ያወጣን ያ መረቡ የተቆረጠበት ዳልጮ ነው። ወጎሎ የሚሉትን ጀልባቸውን ታስታውሳለህ፣ ቀላል ግንድ ጎን ለጎን ታስሮ የሚሠራውን። ከጓደኛው ጋር እየቀዘፈ መጣና ገመድ ወርውሮ እንደ በሬ ጎተተን። ዳር ስንደርስ የጠበሰውን ዓሣ አቀረበልን። አጎታችን አፍንጫቸውን ያዙ፣ አባባ «ጾም ነኝ» አሉ፤ ጧት ሁለት እንቁላል በልተው። እኔ አንድ ጉርሻ ሞከርኩ፤ ጭቃ አጥንት ኖሮት ቢጠበስ ጣዕሙ እንደዚያ ነው። እማማ ግን ተቀምጣ በላች፣ ዳልጮን መረቀችው፣ መረቡንም በምን እንደሚተካ ጠየቀችው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎህ ከሆነ አባትህን አታውቃቸውም። ሸሚዙ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እንኳ እየሸተተ፣ «ሣሩ እንጂ ጀልባው ምን አደረገ? ጄቱ ይሻላል» አሉ። አጎታችን «በረከት የሚያንቀው ዕቃ ደጄን አይረግጥም» ብለው ተኮራረፉ። ወንድማማቾች በሣር ሲጣሉ አየሁ፣ ላሞች እንኳ ይህን አያደርጉም። አቶ ገብረአማኑኤልም በማግሥቱ መሬቱን በገመድ እንለካ ብለው መጡ። አባባ ግን ያችን አንዲት ነገር አልዘለሏትም፤ «ባይራው ሳይናገር አልሰጥም፤ ይጻፍለት» አሉ። እኔም ብዕር አነሣሁ። እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ያን ዕለት ነው። ልልከው ስል ሌላ ነገር መጣ።

ሰኞ ጧት እማማ አሳየሽንና የጎረቤት ሴቶችን ሰብስባ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልተናገረችም፤ ሁሉም ጀርባቸው ላይ ሸክም ነበረ። አቶ ገብረአማኑኤል የአንተን መልስ ሳይጠብቁ ገመዳቸውን ይዘው ጉኑኖ ሲደርሱ መሬትህ ላይ ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ሆነው እንሰት ይተክላሉ። «ማን አዘዘ?» ቢሉ እማማ ቀና ሳትል «ለልጄ ሚስት ጓሮ እያሰናዳሁ ነው፤ እግርዎን ያንሡ፣ ችግኙን ረገጡት» አለቻቸው። ሰውዬው እያላቡ አባባ ዘንድ መጥተው ከሰሷት።

አባባ ወደ ጉኑኖ ሄዱ፤ እኔም ሳልጠራ ተከተልኩ። ሴት በእጇ የተከለችው እንሰት ሳይደርስ የሚነቀለው ሰው ሞቶ ቤት ሲፈርስ ብቻ እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። አባባ በችግኞቹ መሃል ወዲያ ወዲህ አሉ። መጨረሻ ላይ አንዷ ዘንበል ያለች ነበረች፤ ጎንበስ ብለው አቃኗትና ሥሯን በጫማቸው ጠቀጠቁት። ያ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደርጉት ጫማ ነው። ከዚያ ጭቃውን እያዩ ፊታቸውን አጨማደዱና «እናትህ አገርነሽ ጀልባ አትወድም ማለት ነው» አሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ መሳቅ የምችልበትን ቦታ ግን ከውስጤ ያዝኩት።

እቤት እንደ ገባን ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ አነሡት። «ለቶማ የጻፍከው ተልኳል?» አሉኝ። አልተላከም አልኳቸው። «እንግዲያው የሞተሩን ጥያቄ ተወው። ለዳልጮ ፍየሏን እሰጠውና ወጎሎ ይሠራልናል» አሉ። ወጎሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ውሃው በግንዶቹ መሃል ገብቶ መቀመጫውን እንደሚያርሰው ነገርኳቸው፤ «ይረስ» አሉ። ታዲያ ማን ይቀዝፋል? ብላቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ትምህርት የለህ፣ ሥራ የለህ፣ ክንድ አለህ አሉ። ጄትና ፕሮፔለር ሲማረጥ ከርሞ የተመረጠው ሞተር እኔ ነኝ። በዚያ ቡኒ ውሃ ላይ፣ በዚያ ፋንድያ መሃል፣ ቤተሰቡን በሙሉ አዝናናለሁ። ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ቁም ነገሩን ግን ልብ በል። አቶ ገብረአማኑኤል ተስፋ አልቆረጡም፤ «ባይራው እሺ ካለ ለእንሰቱ ካሣ እሰጣለሁ» እያሉ በየሱቁ ያወራሉ። አባባም ልባቸው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ሥዕሉን አነሡት እንጂ አልቀደዱትም፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አይቼዋለሁ። ስለዚህ በገዛ እጅህ «መሬቴን አልሰጥም» ብለህ ጻፍ። ስለ ምፅዋ ባሕር፣ ስለ መርከብ ማማር አንዲት ቃል እንዳትጨምር፤ ስለ ባሕር እየጻፍክ ያጠፋኸን አንተ ነህ።

አባባ ሰላም ብለውሃል። አጎታችን አንጁሎ ከነታጠበው ጋቢያቸው ይመርቁሃል፤ ሣር እንዳይበትኑብህ ከሩቅ አሜን በል። አሳየሽ ናፍቀኸኛል ትላለች፣ ከምፅዋ ሽቶ ላክልኝም ትላለች፤ ከጋቢው ጉዳይ በኋላ ለአጎታችን ቢሆን ይሻል ነበር። ዳልጮም አላየህም እንጂ ሰላም በለው ብሎኛል። እማማ ደግሞ ይህን ብቻ በል አለችኝ፤ እንሰቱ ይዟል፣ ሲያድግ ሴት እጅ ይፈልጋል፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ ጉኑኖ ሩቅ ነው። ይህን ስትል አልቀለደችም፣ እኔም አልቀልድበትም።

ታናሽ ወንድምህ፣
ዳና ጦና

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት ፳ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.