አይዞሽ የማይባልበት ፈተና

ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ መርሳ መኪና ይገባል፤ ስልኩ ግን ገና ነው። ወረቀትሽን ሹፌሩ ይርጋ አድርሶልኛል። ሌላውን ሁሉ ትተሽ እናቴ እንዴት ናት ብለሽ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሽኝ።

ለብቃት ምዘናው እየተዘጋጀሽ ነው አሉ። በርቺ። እኔ ያንን የነርሲንግ መጽሐፍ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ። ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለች ይልና ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረድራል። በሁሉም ውስጥ መድኃኒት አለ፣ ሐኪም አለ፣ የሚጠራ ሰው አለ። ምንም በእጇ የሌላት ነርስ ምን ታድርግ የሚል ጥያቄ እስካሁን አላገኘሁበትም።

በጦርነቱ መብራቱ ሲጠፋ የእናትሽን ኢንሱሊን ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ በሞላበት እንስራ ውስጥ ቀበርነው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው እየሳቁ፣ መድኃኒቴ ከእኔ የተሻለ መኝታ አገኘ ይሉ ነበር። የደም ግፊት መለካት በእሳቸው ክንድ መማራችንን እያነሱም ለጎረቤቱ ሁሉ ሁለት ነርስ አስተምሬአለሁ ብለው ይኩራራሉ።

ከዚያ ጠርሙሱ አለቀ። ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀርቷል። በሲሪንቃ በኩል ወልድያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ አንድም የተከፈተ መድኃኒት ቤት አላገኘሁም። ስመለስ ውሃ ውሃ ይላሉ። ትንፋሻቸው ፈጥኗል፣ ከጥልቅ ነው የሚስቡት፣ አፋቸው እንደ በሰለ ፍሬ ይሸታል። ኢንሱሊን ያጣ የስኳር በሽተኛ እዚህ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ምዕራፉን አብረን ነው ያጠናነው። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር። ውሃ አጠጣኋቸው፣ ጎናቸውን አገላበጥኩ፣ ከንፈራቸውን አረጠብኩ። ሌላ ምን ነበረኝ?

ልጄን አያት ይሆን ብለው ጠየቁኝ። አይዞዎት፣ ምን ይሆናሉ፣ ያዩዋታል አልኳቸው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ እኔና አንቺ ሁልጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። መጽሐፉ በሽተኛን በባዶ ተስፋ አታጽናኑ ይላል፣ እኛ ደግሞ አይዞሽ የምትለዋን መልስ እንመርጣለን። የወሎ ልጅ ሌላ ምን ይመርጣል? ዛሬም ብፈተን እሷኑ ነው የምመርጠው። እጄን ይዘው መረቁኝ። አንቺንም መረቁሽ፤ አላህ በሄደችበት ይጠብቃት፣ ሰው አያሳጣት አሉ።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱን በወረቀት አልችልም፤ ስትመጪ እንነጋገራለን። ብቻሽን ግን እንዳትመጪ፤ አክስትሽን ይዘሽ ነይ። ደሴ እደሩና በጠዋት ግቡ። መርሳ ስትወርጂ በቀጥታ ወደ ቤት አትሂጂ። አጎትሽ አብዱሰመድ መናኸሪያው ድረስ ወጥተው ይጠብቁሻል፤ መጀመሪያ እሳቸው ቤት ትገቢያለሽ። እኔም እዚያው ነኝ።

ኢንሱሊን ገዝተሽ ማስቀመጥሽን ይርጋ ነግሮኛል። ይዘሽው ነይ፣ እንዳትተዪው። ሲሪንቃ ኢሕሳን የምትባል ተማሪ አለች፤ እንደምንም ያገኘቻትን ጠርሙስ ቆጥባ ቆጥባ ልትጨርስ ነው። ለእሷ ይድረስላት።

አላህ ልብሽን ያጽናው። መንገዱን ያቅልልሽ።

የእናትሽ ልጅ፣
እህትሽ