ስለ ግራ እግሬና ስለ ዘበኛዎ ዱላ

ለክቡር የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፦

በቅድሚያ ሙሉ ጤና፣ የማያብጥ እግርና ክፉ የማያይ ዓይን ይስጥዎ እላለሁ፤ ዓይኑ እንኳ ቀድሞም አለዎት።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የነበርኩ፣ በሆስፒታልዎ በካንሰር ምክንያት ማህፀኔ ከብሽሽቴ እጢዎች ጋር የወጣልኝ ሴት ነኝ። ቀዶ ሐኪሙ ነፍሴን አትርፈዋል፤ እጃቸው ይባረክ። የምጽፍልዎ ስለተረፈው አካሌ ነው።

፩. እነዚያ እጢዎች የእግሬን ፈሳሽ ያሳልፉ እንደነበርና ከወጡ በኋላ እግሬ ሊያብጥ እንደሚችል አንድም ሰው ሳይነግረኝ ወደ ቤቴ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ድንገተኛ ስጦታ እወዳለሁ። ግራ እግሬ መጀመሪያ ጫማ እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ሱሪ። በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀራል፤ ሰማያዊ ደም ሥሮችም እንደ ዛፍ ሥር እየተጠማዘዙ ጭኔ ላይ ወጡ። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ልረግጥ እግሬን ባነሳው እንደ ግንድ ከበደኝ፤ አውቶቡሱን ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተምኩት፤ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተደፋፋ። ሰው አልሞተም። ቁልፉን ግን በዚያው አስረከብኩ።

፪. ተረኛ ሐኪምዎ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ወፍረሻል፣ እራት ቀንሺ» ብለው ስለመከሩኝ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ቀኝ እግሬ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ አጠገቡ ቆሞ ነበርና፣ አንዱን እግር ብቻ የሚያወፍረው እራት የትኛው እንደሆነ ቢነግሩኝ ኖሮ ምክራቸው ሙሉ በሆነ ነበር።

፫. እግሬ ቀልቶና ግሎ፣ ብርድ ብርድ እያለኝ ተመልሼ መጣሁና ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰቀል አድርጌው ተቀመጥኩ። ዘበኛዎ መጣ። «አውርጂ! አልጋሽ መሰለሽ?» አለኝ። «አሞኝ ነው፣ ወንድሜ» አልኩት። ዱላውን ቅልጥሜ ላይ አሳረፈው። እንደ ከበሮ የተወጠረው ቆዳዬ ፈነዳ፤ ውኃና ደም ተቀላቅሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሊደግመኝ ሲያነሳ፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክማ ያሳደገችኝ፣ ያን ቀንም ደግፋ ያመጣችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ዱላውን አየር ላይ ቀማችው። አልዋሽዎትም፣ ክቡር ሆይ፤ አፍንጫውን ሰበረችው፣ ሲወድቅም አልማረችውም፤ የግድግዳችሁ ነጭ ቀለም በደሙ ተዥጎረጎረ። ከዚያ ባልደረቦቹ ተረባርበው ጣሏት፤ አንዱ አንገቷ ላይ ተንበረከከ፣ ሌላው ቀኝ ክንዷን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፤ ደረቅ ማገዶ ይመስላል። ደሜን እያዘራሁ ወደ እሷ ስድህ፣ የእርስዎ ቢሮ በር ተከፈተ።

፬. ቁልቁል አይተውን «ይሄንን አጽዱ» ብለው በሩን መልሰው ስለዘጉ በተለይ አመሰግናለሁ። ፈሳሹን ይሁን እኛን፣ እስካሁን አልገባኝም።

ሌላ ክሊኒክ የተቀበሉኝ ሐኪም ቁስሉን አከሙልኝ፤ እግሬንም በአልትራሳውንድ አይተው፣ ደም አልረጋም፣ ነገር ግን የደም መላሽ ሥሮቼ ግድግዳ ወፍሮ ወደ ላይ መሄድ ያለበት ደም ወደ ታች እየተመለሰ ነው አሉኝ። እብጠቱ በፋሻ እየታሰረ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በጊዜ ቢያዝ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ነበር። እትዬ ደግሞ ዘበኛ በመደብደብ ተከሳ እስር ቤት ናት። ልጠይቃት ስሄድ ጠማማ ሆኖ የገጠመ ክንዷን አሳየችኝና «አንቺ እግር፣ እኔ እጅ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው አይወጣንም» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

አክብሮቴ እንደ እግሬ አብጦ፣ እንደ እሱም ሊፈነዳ ደርሶ፣
የቀድሞ ታካሚዎ፣ የእትዬ ታናሽ

ድኅረ ቃል፦ እትዬ በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቀች ክሱን እንደሚያነሱላት በጠበቃዎ በኩል መልእክት ልከውብን ነበር። እጇ ብዕር ስለማይጨብጥ ቃሏን እንዳለ እኔ ጻፍኩልዎ፦ «እርስዎ ከቢሮዎ ብቅ ከማለትዎ በፊት ክንዴ ተሰብሮ ለእርስዎ ሳይደርስ በመቅረቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»