የናሙና ቁራጮቼ በዘይነባ እጅ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ አረንጓዴ ክር ሁለት ጥቅል፣ ጥቁር ሰማያዊ አንድ፣ የሹራብ መርፌ አንድ ጥንድ። የሕፃን ኮፍያ፣ ምንም። ዘይነባ ሱቅ የገባ ሰው፦ ሰባት። ባዶ እጁን የወጣ፦ አንድ። እሱም የሞባይል ካርድ ሊጠይቅ የገባ ነው።

የሰው ሱቅ ደንበኛ መቁጠር ልማዴ አልነበረም። ዘይነባ ከጎኔ ቁልፍና ዚፕ ብቻ ስትሸጥ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብዬ አላውቅም። አሁን የምትሸጠው የእኔን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማሪ ሹራብ አሠርቼ አቀርባለሁ። ትምህርት ቤት ከማዘዙ በፊት ናሙና ይፈልጋል፤ መዳፍ የምታህል ቁራጭ፣ በሦስት በአራት ቀለም፣ አንዷ ላላ ያለች፣ አንዷ ጠበቅ ያለች። ርዕሰ መምህሩ አንዷን ይመርጣል፣ ሌላው ይተርፋል። የስንት ዓመት ትርፍራፊ በማዳበሪያ ሞልቶ ከማሽኑ ሥር ተቀምጦ ነበር። አይጥ ይገባበታል እያልኩ ስሰጋ ነው የኖርኩት። ባለፈው ወር ዘይነባ መጣችና፣ “እትዬ አስካለ፣ ከዚያ ቁርጥራጭ ትንሽ ይሰጡኛል?” አለችኝ። ትንሽ ምን ይሠራልሻል ብዬ ማዳበሪያውን እንዳለ አሸከምኳት። መሳቢያ ውስጥ የተበታተነውንም ጠርጌ ጨመርኩላት። ትራስ ልትሞላበት መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አዘንኩላት።

አሥር ዓመት እንኳ አልበልጣትም፤ እርስዎ ትለኛለች። ሰው ባለበት ደግሞ ጮክ ብላ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ገበያ የለም፤ ከእኔ ዘንድ ማለቴ ነው።

ከእኔ ቁራጭ የሠራችው፣ በዓይኔ ያየሁት፦ አራቱን ገጥማ የበርጩማ ልብስ። አንዱን አጥፋ የሕፃን ጫማ። ድስት መያዣ። ለሙቅ ውሃ ጠርሙስ ቀሚስ የሚመስል ነገር። ገበር ያለው የላፕቶፕ ቦርሳ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት አንድ ነገር አለ፤ ስሙንም ጥቅሙንም አላውቅ፣ ግን ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። የከፋ ያልኩት ስለሚያምር ነው። ወይን ጠጁን ከግራጫው፣ ቢጫውን ከጥቁር ሰማያዊው ጎን ታደርግና የእያንዳንዱን ዙሪያ በነጭ ክር፣ በኪሮሽ ትይዘዋለች። እኔ እነዚህን ቀለሞች የማውቃቸው በባለቤታቸው ነው። ያ ግራጫ “ቆሻሻ ይመስላል” ተብሎ የተመለሰብኝ ነው። ያ ቢጫ የወላጅ ኮሚቴ የተጣላበት ነው። እሷ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ገና ዛሬ አየኋቸው።

ከሰዓት በሬን ገርበብ አድርጌ እኔም ሞከርኩ። የማሽን ሥራ ቁራጭ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ አልተኛም ይላል። ካውያ አስነካሁት። ክሩ ቀለጠና እንደ ላስቲክ አብረቀረቀ። ብርቄ ከማሽኑ ላይ ሳትዞር፣ “እሷ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋበት ነው፤ ካውያውን አታስነካውም” አለች።

ብርቄ ማሽኑን የምትሠራልኝ ናት። እዚህ አዲስ ከተማ ሰፈር ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ አብራኝ አለች። ምሳ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። ዘይነባ ካውያዋን እንዴት እንደምትይዝ ከየት አወቀች? አልጠየቅኳትም። ከሥራ ስትወጣ ግን በየት በኩል እንደምትሄድ አየሁ። በዘይነባ ሱቅ በኩል ሄደች። ቶሎም አልወጣችም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ዘይነባ ለሶላት ስትሄድ ሱቋን እኔ አያለሁ። እኔ ለቅዳሴ ወይም ለለቅሶ ስሄድ እሷ የእኔን ታያለች። በዚህ መስመር ሱቅ አይዘጋም፣ ጎረቤት ያያል። ቢቀያየምም ያያል፣ ቢጣላም ያያል።

ዛሬ እሷ በሌለችበት ሁለት ሴት ተማሪዎች መጡ። የላፕቶፕ ቦርሳ ፈለጉ። አልቋል አልኳቸው። አንዱ ከራሴ በላይ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ተሰቅሏል። እነሱ ቁመታቸው አጭር ነው፣ እኔም ዞር ብዬ አላሳየሁም። አመስግነውኝ ሄዱ።

ተመልሳ “ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?” አለችኝ። ማንም አልኩ። ስለጠበቅኩላት ሳምቡሳ ገዝታ አመጣችልኝ። ፍልሰታ መሆኑን አስባ የምስሩን ነው የመረጠችው። ጾሜን ስፈታ በላሁት። ጥሩ ነበር። ይሄም አናደደኝ።

ረጋ ብዬ ሳስበው ያለኝ መንገድ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከዚህ በኋላ ቁራጭ አለመስጠት። ሁለተኛ፣ ብርቄን ኪሮሽ አስይዞ ራሴ ማሠራት። ሦስተኛ፣ ዝም ማለት። ሦስተኛው ያመኛል። ሁለተኛው ደግሞ ብርቄ እሺ ካለች ነው። እሺ ትላለች ብዬ ዛሬ በእርግጠኝነት መጻፍ አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

የባሰ መጣ።

ወይን ጠጅ ሹራብ ያዘዘኝ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከጠዋቱ መጣ። ሥራው አልቋል፣ ሹራቡ ተጣጥፎ እስከ ኮርኒሱ ተቆልሏል። ከላይ አንዱን አነሳና ከኪሱ ያወጣውን ቁራጭ አስጠጋበት። “ወይዘሮ አስካለ፣ የተስማማነው ይሄን ነው እንዴ?”

ልክ ነው፣ ይለያያሉ። የእኔ ሹራብ ጠቆር ይላል፣ የእሱ ቁራጭ ፈዘዝ ይላል። ምክንያቱን ወዲያው አወቅኩት። ናሙና ሲመረጥ ለሁለት እቆርጠዋለሁ። መቀሱን ጥርስ ጥርስ አስወጥቼ ነው የምቆርጠው፣ የአንዱ ጥርስ ከሌላው ጋር ብቻ እንዲገጥም። እንዳይተረተር ጠርዙን በሻማ እሳት አስይዘዋለሁ። ግማሹን እሱ ይወስዳል፣ ግማሹ እኔ ጋ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ክርክር ሲነሳ ሁለቱን መግጠም ነው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚሠራው። ሰውየው ግን የእሱን ግማሽ ቢሮው ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎት ነው የከረመው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ፀሐይ በልታዋለች።

ይህንኑ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። “እንግዲያው የእርስዎን ግማሽ ያምጡና እንግጠመው። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ከገጠመና ቀለሙ የእርስዎን ሹራብ ከመሰለ እወስዳለሁ” አለ። ካልሆነስ አላልኩትም። ደረቱ ላይ የእነሱ ዓርማ የተጠለፈበት ሹራብ ሌላ ማንም አይገዛኝም።

እሱ ሲወጣ መሳቢያውን ሳብኩ። ባዶ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ከማሽኑ ሥር፣ ከካርቶኖቹ ኋላ፣ ቤቴም ፈለግኩ። የት እንዳለ እያወቅኩ ነው የፈለግኩት። ለዘይነባ ማዳበሪያውን ባሸከምኳት ቀን መሳቢያውን ሳላይ ነው የጠረግኩት። ባየው ኖሮ ለይቼ አስቀረው ነበር። ትርፍራፊ እያገላበጡ መለየት ግን ለቁርጥራጭ ክብር መስጠት መስሎኝ ነበር።

ሱቋ ሄድኩ። እውነቱን መናገር ከበደኝና እንደ ገዢ ሆንኩ። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ፤ ወይን ጠጅ ያለበት ሌላ የለሽም ወይ አልኩ፤ ለዘመድ ስጦታ ነው አልኩ። እሷ ለአንዲት ደንበኛ ዚፕ እየለካች በጎን ታየኛለች። ደንበኛዋ ስትወጣ፣

“እትዬ አስካለ፣ የፈለጉት ብርድ ልብሱን ነው ወይስ እኔ ጋ እንዳይኖር?” አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም። ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ። ያኔ ነገርኳት፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ፣ ስለ ግማሹ፣ ስለ ሰኞ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

“ጠርዙ በእሳት የጠነከረ? ጥርስ ጥርስ ያለው?” አለች። “መርፌዬን የሰበረው እሱ ነው።”

ቆርጠሽ ጣልሽው ወይ አልኳት።

“ምኑን እጥላለሁ? ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት እንጂ።”

ወደድኳት ብል ውሸት ነው። ግን ለአንድ አፍታ እጇን ልስመው ምንም አልቀረኝ። የት ነው ስላት ዚፑን መጠቅለል ጀመረች፣ ዓይኔን ሳታይ። “ብርቄ አልነገረችዎትም?”

ብርቄ ወስዳዋለች። ሐምሌ ላይ ከከተማው ዳር ቱላ የምትኖረው ልጇ ወልዳ ነበር። እኔ ሳሙናና ስኳር ልኬያለሁ። ለልጅ ልጇ የመጀመሪያ ብርድ ልብስ ግን ከእኔ ማሽን ላይ ተነስታ፣ በእኔ በር አልፋ፣ ከዘይነባ ገዛች። የእኔን ቁራጭ፣ ራሷ የሠራችውን ቁራጭ።

ለጁምዓ ስትሄድ ሱቋን ጠበቅኩ። የረቡዕ ተማሪዎች ተመልሰው መጡ። የላፕቶፕ ቦርሳውን አውርጄ ሰጠኋቸው። አንዷ “አልቋል ብለውን አልነበር?” አለችኝ። ተገኘ አልኳት።

ብርቄን ዛሬ አልጠየቅኳትም። ማሽኑ ብቻ ሲጮህ ዋለ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ጠየቅኳት። ሳህኑን መሀል አስቀምጬ፣ ሽሮውን ሳትነካው ነው የጠየቅኳት። ለምን ከእኔ አልወሰድሽም? አንቺ ስትጠይቂኝ እምቢ ብዬሽ አውቃለሁ?

“እምቢ አትይኝም” አለች። “ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር። ግን ቁራጭ ነው ብለሽ ነው የምትሰጪኝ። እኔ ደግሞ ለሕፃኑ ቁራጭ መውሰድ አልፈለግኩም።”

ምሳው ቀዘቀዘ። እሷ ናት መጀመሪያ የቆረሰችው፤ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ስትዘረጋ ተቀበልኩ።

ከዚያ የግማሹን ነገር ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ሳቅ አፈናት። ሕፃኑ ስንት ጊዜ ሸንቶበታል፣ ስንት ጊዜስ ታጥቧል አለች። የት ነው የሚሰጣው አልኳት። አጥር ላይ ነው አለች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። ግን ክረምት ነው፣ ፀሐይ መቼ ወጣች? ደግሞ ቁራጩ የታጠፈው ወደ ውስጥ ነው፤ ቢያንስ ጥርሱ ያለበት በኩል ቀለሙን ለቅቋል ብዬ አላስብም። እንደያዘ ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንዱን ቁራጭ ሌላውን ሳይተረትሩ ማውጣት እንዴት እንደሆነ የምታውቀው ዘይነባ ብቻ ናት። ማምሻውን ከቁልፍ ብልቃጦቿ መሀል አስቀምጣ አስተማረችኝ። ነጩን ክር ከማዕዘኑ መጀመር ነው፤ አንዱ ቋጠሮ ከተፈታ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ሲመልሱት ግን ላላ ማድረግ ነው፣ አለዚያ ብርድ ልብሱ ይጨማደዳል። እጄ ዘገምተኛ ነው። ሁለቴ ፈታችብኝ፣ በሦስተኛው “ይሁን” አለች። ይሁን የሚለውን ቃል ለተማሪ ሹራብ እኔ ነኝ የምለው።

በቦታው የሚገባ ምትክ ያስፈልጋል። እኔ ወይን ጠጅ ሠራሁ፣ ዙሪያውን በኪሮሽ ያዝኩት፤ አንዱ ማዕዘን ትንሽ ጠመም ብሏል። እሷም ሳልጠይቃት አንድ ሠርታ ሰጠችኝ፣ ያን “ቆሻሻ ይመስላል” የተባለውን ግራጫ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቢጫ ጥልፍ ያለበት። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የብርቄ ልጅ የትኛውን እንደምትመርጥ አውቃለሁ። ሁለቱንም እወስዳለሁ።

ሰኞ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ነገ እሑድ። ብርቄ ከቸርች ስትወጣ ባጃጅ መያዣው ጋ እንገናኛለን፣ ወደ ቱላ። የሚያዝ፦ ትንሽ መቀስ፣ ኪሮሽ፣ ነጭ ክር፣ ሁለቱ ምትኮች፣ ለአራሷ ማር። ናሙናውን መጠቅለያ ጥቁር ላስቲክ፣ በመንገድ ፀሐይ እንዳያገኘው።