የጫካውን አፈር ነዋሪዎች ያስተዋወቁን ተመራማሪ ዕረፍት

እኛ የደን አፈር ጥናትና ሥዕል ማዕከል ባልደረቦች፣ «እትዬ አፈር» እያልን የምንጠራቸው መሥራችና ከፍተኛ ተመራማሪያችን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ማክሰኞ፣ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው በሞት ስለተለዩን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል። መግለጫ መጻፍ ድሮም አይሆንልንም፤ የዛሬው ደግሞ ጨርሶ ከብዶናል።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በምድር ቤታችን ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሠዓሊ ጋር የጋራ ሥራ ጀመሩ። ደንባቸው አንድ ነበር፤ ሥዕሉ ሳያልቅ የፍጥረቱ ስም አይነገርም። ሰው ስሙን ካወቀ ዓይኑን ማመን ይተዋል ይሉ ነበር። በዚህ አሠራር ከስምንት መቶ በላይ የአፈር ፍጥረታት ተሥለዋል። አንዲቷ አዲስ ዝርያ መሆኗ የታወቀውም፣ ተመራማሪዎች ልብ ያላሉትን አንድ ጥንድ ፀጉር ሠዓሊው ስለሣሉ ነው።

በዘጠነኛው ዓመት «የትሎች ድምፅ» የተባለው ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። ሕዝቡ ለሁለት ሳምንት በተመስጦ ያዳመጠው ግን የሕንፃችንን የውሃ ፓምፕ ኖሯል። ስህተቱን ያገኙት እርሳቸው ናቸው። እኛ ነገሩ ተሸፋፍኖ ይለፍ ስንል፣ በእጃቸው ጽፈው በር ላይ ለጠፉ፦ «ያደነቃችሁት ፓምፓችንን ነው። ይቅርታ፤ ትሎቹን ጫካ ድረስ ሄደን እንቀዳለን።» በዓመቱ ቀድተው አሰሙ።

ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት ያስመጡት የመጨረሻው አፈር ክፍሉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በውስጡ ያሉት ፍጥረታት በአሥር ቀን ውስጥ ተሥለው ወደ ጫካው ካልተመለሱ ያልቃሉ። ሠዓሊው ግን «ያለ እሷ ብሩሽ አልጨብጥም» ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። እኛም የጋራ ሥራው አበቃለት ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር።

በቀብሩ ማግስት የልብስ ስፌት ባለሙያዋ የእትዬ አፈር ልጅ የአፈሩን ሣጥን ታቅፈው ሠዓሊው ቤት ሄዱ። «ጋሼ፣ እኔም አልቅሼ አልወጣልኝም። እነዚህ ግን እስኪወጣልን አይጠብቁንም» አሏቸው። ሠዓሊው ከሰዓት በኋላ መጡ። በሦስት ቀን አርባ አንድ ፍጥረታት ተሣሉ፤ ዛሬ ጠዋትም ከነሕይወታቸው ወደ ጫካቸው ተመልሰዋል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለሠዓሊውና ለመላው ባልደረቦቻችን መጽናናትን እንመኛለን። የምድር ቤቱ ክፍል ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይከፈታል። ልታጽናኑን የምትመጡ ሁሉ ወደዚያው ውረዱ፤ ሥራ ላይ ታገኙናላችሁ።