በሩን ከፍቶ ስለያዘው ጡብና ስለተከለከለችው ማቪስ

ቀን፦ ኦክቶበር 7 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለቶርንክላፍ ከተማ ምክር ቤት
የመናፈሻዎች ክፍል ኃላፊ
ለክብርት ወይዘሮ ሂላሪ ዳክስበሪ
ላንካሸር

ጉዳዩ፦ ውሻዬ በታጠረው ሜዳ ሳትታሰር እንዳትሮጥ የተጣለው እገዳ እንዲነሣና ጥፋተኛው የእጁን እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

1. አመልካች ዊልፍሬድ ኤንትዊስል ከሽመና ፋብሪካ በመካኒክነት ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። ማቪስም ከውሻ እሽቅድምድም ጡረታ የወጣች ግሬይሀውንድ ናት፤ ልዩነታችን እርሷ አሁንም መሮጥ መቻሏ ነው። ከጡረተኛ ውሾች መጠለያ የመረጠቻት ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ዶሪን ነበረች። ሌሎቹ ውሾች ሲጮሁ ይህቺ ዝም ብላ መጥታ የዶሪን እግር ላይ ተደገፈች። ዶሪንም «ዊልፍ፣ እንዳንተ መደገፍ ትወዳለች፤ እንውሰዳት» አለችኝ። ዛሬ የምትደገፈው እኔን ነው።

2. ይህ ዘር የሚሮጥ ነገር ካየ ጆሮው አይሰማም። ስለሆነም በመንገድም ሆነ በቦዩ ዳር ፈትቻት አላውቅም። ማሰሪያዋም አጭር ነው፤ በረጅም ገመድ ተንደርድራ አንገቷን እንዳትጎዳ። የሰው ድመት ዓይኗ ቢገባ ብዬም አፏን በመከለያ እሸፍናለሁ። ያንን የሚያይ ሁሉ «ኧረ ዊልፍ፣ ነብር ነው እንዴ የምትጎትተው?» ይለኛል። እኔም «አዎ፣ ቁርሷንም አልበላችም» እላለሁ። እኔንና ማቪስን ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት የከሰሱት አቶ ክሊፎርድ ራምስደን ይህንኑ ቀልድ በክሳቸው ላይ በማስረጃነት ጠቅሰውታል።

3. እንደ ልቧ የምትሮጠው ከባድ ኳስ በሣር ላይ ከሚያንከባልሉት የሣር ኳስ ተጫዋቾች ክበብ ጀርባ ባለው በታጠረው ሜዳ ብቻ ነበር። አስቀድሜ አጥሩን ዞሬ አያለሁ፤ ሁለቱንም በሮች እዘጋለሁ፤ ሰውም ውሻም አለመኖሩን አረጋግጬ እፈታታለሁ። ጥቂት ዙር ሮጣ፣ ምላሷን አውጥታ ሣሩ ላይ ትዘረጋለች። በቃ፣ የዕለቱ ደስታዋ ያ ነው።

4. የክበቡ አባላት ግን በግጥሚያ ቀን የኳስ ቦርሳቸውን ተሸክመው በሜዳው ማቋረጥ ልማዳቸው ነው። እጃቸው በቦርሳው ስለሚያዝ የጎኑን በር ነጭ ቀለም በተቀባ የክበቡ ጡብ ከፍተው ይተዉታል። ደጋግሜ ለምኛለሁ። የክበቡ ሊቀመንበር አቶ ራምስደን «በር የሚቆለፈው ለእስረኛ ነው፣ ዊልፍ» ብለው አሾፉብኝ። ቅዳሜ ኦገስት 31 ቀን ማቪስን ከፈታሁ በኋላ አቶ ራምስደን ከጀርባዬ ገብተው፣ ያንኑ ጡብ በሩ ሥር አስደግፈው አለፉ። ከበሩ ውጭ አንዲት ጥንቸል ብቅ አለች፤ ማቪስም ተፈትልካ ወጣች። ጠራኋት፤ የምትወደውን የሚጮህ አሻንጉሊት ጨመቅሁ፤ ማን ሰምቶ! በቦዩ ድልድይ ሥር ሳገኛት ሽቦ ጭኗን ቀዶት ነበር። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። በደም ተነክሬ፣ ለእርዳታ እየጮህኩ፣ ተሸክሜያት ሳልፍ አቶ ራምስደን ኳሳቸውን እንደያዙ «ድምፅህን ቀንስ እንጂ ሰውዬ፣ ጨዋታ ላይ ነን» አሉኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይላል። እኔ ገና አልወሰንኩም።

5. በማግስቱ እኚሁ ሰው «ባለቤቷ የማይቆጣጠራት ውሻ» ብለው ከሰሱን፤ ጽሕፈት ቤትዎም እኔን ሳይጠይቅ እገዳ ጣለ። የእንስሳት ሐኪሙ የሰፋው ቁስል ድኗል። እርሷ ግን በማሰሪያ ስንሄድ አጥሩ ጋ ትቆምና አፍንጫዋን ሽቦው ውስጥ ከትታ ሜዳውን ታያለች። የእኔ ጉልበት በቀዶ ሕክምና የተተካ ብረት ነው፤ አብሬያት ልሮጥ አልችልም።

ስለዚህ፦

ሀ) እገዳው እንዲነሣልን፤

ለ) በጎኑ በር ላይ ራሱ የሚዘጋ ሞላ እንዲገጠም። ሞላውን እኔ አቀርባለሁ፤ በሙያዬ መርጬ ነው፣ የሚንቀረፈፍን ሰው ተረከዙን መትቶ በሩን የሚያስታውስ፤

ሐ) ሞላውን አቶ ራምስደን በገዛ እጃቸው፣ በግጥሚያ ቀን፣ አባላቱ እያዩ እንዲገጥሙ። እኔና ማቪስ ወንበርና የሻይ ፔርሙስ ይዘን እንገኛለን። ብሎኑ በየት በኩል እንደሚዞር ከጠፋቸው ከመቀመጫዬ ሳልነሣ እመክራለሁ፤

መ) የክበቡ ሰዎች «ጡባችንን መልስ» እያሉ ደጄን ማንኳኳታቸውን እንዲያቆሙ። ጡቡ እኔ ዘንድ የለም፤ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ቀርቦልዎታል። የሚፈልገው ሰው ቢሮዎ መጥቶ፣ በምን ምክንያት የእርሱ እንደሆነ አስረድቶ ይውሰድ።

ከእኔ ሰላምታ፣ ከማቪስም የጅራት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዊልፍሬድ ኤንትዊስል

አባሪ፦ አንድ ነጭ ጡብ

ግልባጭ፦
ለአቶ ክሊፎርድ ራምስደን (ያለ ጡብ)