የምንጩ ዋስ

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስልኬ አራት ጊዜ ጠራ። እማማ አስካለ ናቸው። እሳቸው ለሰላምታ አራት ጊዜ አይደውሉም።

«አንቺ ልጅ፣ ዋስ ሆነሽ የለም ወይ? ምንጩ እኮ ክር አክሏል። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንቆም ዋልን» አሉኝና ዘጉት። ተማሪዎቼ ፊቴን አይተው ጸጥ አሉ። እንደዚያ ጸጥ ብለውልኝ አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። ቢኒ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነው፣ እንጦጦ ላይ የፈረስ ግልቢያ ክለብ ያለው ቢኒ፣ ጉድጓዱ ደረቀና እንባ አቅርሮ መጣ። «ፈረሶቼ በውሃ ጥም ሊያልቁብኝ ነው።» ከክለቡ በታች ያለው ሰፈር ምንጭ አለው፤ ግን እሱን አያምነውም፣ እኔን ያውቀኛል። ኮንዶሚኒየም ደርሶን የካ አባዶ እስክንገባ ድረስ እዚያው ነው ያደግሁት። ሽማግሌዎቹ ዋስ አምጣ አሉት፤ እኔን ይዞ ሄደ።

ስምምነቱ አጭር ነበር። በቀን ሁለት በርሜል፣ በአህያ ተጭኖ፣ ለፈረሶቹ መጠጥ ብቻ፣ ክረምት እስኪገባ። ወረቀት የለም። እዚያ ሰፈር ዋስ አይፈርምም፤ ተነስቶ ሰው ፊት ይናገራል። ተነሳሁ። «እኔ አለሁበት» አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ለጓደኝነት ብቻ ብዬ አልነበረም። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ያስጋልበኛል። ቦራን። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ድምፄን ሲሰማ ጆሮውን የሚያቆመውን።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ቢኒ ጋ ደወልኩ። «ሜሪዬ፣ በጋ ነው እኮ። ምንጭ በበጋ ይቀንሳል። ሪላክስ። ከሁለት በርሜል በላይ ጠብታ ወስጄ ከሆነ አፈር ልብላ።»

ያመንኩት ለምን እንደሆነ፦
እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን አልተለየኝም።
ለፈረሶቹ ሲል መኪናውን ሸጧል።
ባላምነው ቅዳሜ ይቀርብኛል።

የመጨረሻውን ስጽፍ አፈርኩ። ግን አልሰርዘውም።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ለእማማ አስካለ ደውዬ እሱን ወክዬ ተከራከርኩ! «እማማ፣ በጋው ነው እኮ።»

«በጋ ዘንድሮ ነው እንዴ የመጣው?» አሉኝ። ዛሬ አቦ ነው፤ ያንን አንስቼ እንኳን አደረስዎ ብዬ አመለጥኩ። አርባ ዓመት ከዚያ ምንጭ ለቀዱ ሴትዮ ስለ ምንጭ ላስረዳ መነሳቴ! አዪ መምህርት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ዋሽቶኛል። ዋሽቶኛል፣ ዋሽቶኛል።

ጠዋት በሾላ በኩል ወጣሁ፤ ታክሲ ውስጥ ለቦራ ካሮት ይዤ። የመጋለቢያው ሜዳ ግሩም ነበር። ቦራ እግሩን ሲጥል ልስልስ ይላል፣ አቧራ የለም፣ አፍንጫዬን በሻርፕ መሸፈን የለም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ዛሬ እንዴት ደስ ይላል» እያልኩ ጋለብኩ። ግማሽ ሰዓት! ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ከመስከረም ወዲህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም፣ መሬቱ ለምን እንደራሰ ራሴን አልጠየቅሁም።

ከኮርቻ ወርጄ ጫማዬ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ሳይ ነው የባነንኩት።

ፈረሶቹን የሚንከባከቡት ጋሽ ተሰማ ኮርቻውን እየፈቱ ነበር። «ጋሽ ተሰማ፣ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«እኔ ደሞዝተኛ ነኝ ልጄ» አሉና ዓይናቸውን ወደ አጥሩ ላኩት። አየሁት። ጥቁር ፕላስቲክ ቧንቧ። በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኗል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ተከተልኩት። ከምንጩ ዓይን በላይ፣ ሴቶቹ ከሚቀዱበት ጀርባ፣ ተቆፍሮ ገብቷል። ከጎኑ ልጅ ያዘለች አንዲት የደከማት ሴት ቆማ፣ ጀሪካኗን ደግፋ ጠብታ ትጠብቃለች። አላየችኝም። ባለማየቷ ተገላገልኩ፣ የጋላቢ ቦት ጫማ አድርጌ ነበር።

ቢኒ ቢሮው ነበር። አልካደም፣ ይሄ ነው አንጀቴን ያሳረረው። የዝላይ ውድድር አለ፣ ስፖንሰር ይመጣል፣ አቧራ የፈረስ ሳንባ ይጎዳል፣ ሜዳው ካልጠጣ እግራቸው ይሰበራል። ሁሉም እውነት ነው። «ሰፈሩንም ወደፊት ቧንቧ አስገባለታለሁ» አለ።

«ቢኒ፣ እኔን ዋስ አቁመህ ነው እኮ!»

«አንቺስ?» አለኝ ዝግ ብሎ። «አሁን የጋለብሽበት ምን መሰለሽ? ከቦራ ላይ ስትስቂ አይቼሻለሁ።»

ልክ ልኩን ልነግረው ነበር የሄድኩት። ካሮቱን ሳልሰጥ ተመለስኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹና ሰፈርተኛው ምንጩ ጋ ተሰበሰቡ። ለቢኒ ደወልኩለት፣ ስልኩ ዝግ ነው። ብቻዬን ቆምኩ፣ ጥር ላይ የቆምኩበት ቦታ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቧንቧውን፣ ሜዳውን፣ በነጻ እንደምጋልብ ጭምር። የመጨረሻውን ስናገር ሴቶቹ መካከል ጉርምርምታ ተነሳ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ለእማማ አስካለ፣ «ዓርብ በጋው ነው ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ምንጩ ዞሩ።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልመከሩም። ሁለቱ በርሜልም ቀርቷል። ቄሱ ወደኔ ዞረው፣ «ሰውየውን አንቺ ነሽ ያስገባሽው። ቧንቧውንም አንቺ ታወጪዋለሽ» አሉ። ሌላ ሰው አይነካውም፣ ዋሷ ትንቀለው ተባለ። ወጉ ነው።

የብረት መጋዝ ሰጡኝ። ቆረጥኩት፣ ቅጠሉን ገለጥኩ፣ እየጠቀለልኩ ዳገቱን ወጣሁ። እጄ ውሃ ቋጠረ። የክለቡ በር ላይ ቢኒ ቆሟል።

«ከዳሽኝ፣ ሜሪ» አለኝ።

ሳቄ መጣ። እሱ እኔን! ቧንቧውን እግሩ ሥር ጣልኩለት። «ግድ የለም፣ ውሃ ከሌለ መጀመሪያ የሚሸጠው ቦራ ነው» አለ። የት እንደሚያመኝ ያውቃላ። ሃያ ዓመት አውቆኝ።

ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ሶፍት ሰጡኝ፣ ምን ሆንሽ አላሉኝም። እግዜር ይስጣቸው።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

አልሄድም ብዬ ነበር። በምሳ ሰዓት ጋሽ ተሰማ ደወሉ። ቢኒ የውሃ ቦቴ አዝዟል፣ ቦቴው ግን አልመጣም። «ከትናንት ከሰዓት ወዲህ እንስሶቹ በቅጡ አልጠጡም» አሉኝ። ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ ላይ።

ቦራ ባዶውን ገንዳ ይልሳል። ድምፄን ሰምቶ ጆሮውን አቆመ። ማን ማንን እንደከዳ እሱ ምን ያውቃል።

ከጋሽ ተሰማ ጀሪካን ለምኜ ወደ ምንጩ ወረድኩ። መንገዱ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። እማማ አስካለ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

ለቤት ነው ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ለቦራ ነው እማማ። ለፈረሱ። ለመጠጥ።»

አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፣ ለኔ ይሁን ለፈረሱ አላውቅም። እማማ ጀሪካኔን አዩት፣ ፊቴን አዩት፣ በአገጫቸው ወደ ሰልፉ መጨረሻ አሳዩኝ።

«ወረፋሽን ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። ዘጠነኛ ነበርኩ። ከፊቴ ያለችው የትናንትናዋ መሰለችኝ፣ አይ፣ የቅዳሜዋ ናት፣ ልጅ ያዘለችው። ምንጩ ከትናንት ይሻላል፣ ግን ገና ነው። ተራዬ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላገዘኝም። እንደ ልጅነቴ በገመድ አዝዬው ወጣሁ። ወገቤ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።

ባልዲ ላይ ገለበጥኩለት። ሳይተነፍስ ጠጣው። ስምንት ሰው የጠበቅሁበትን፣ የዚያች ልጅ ያዘለች ሴት የሁለት ቀን ውሃ የሚሆነውን፣ እዚያው ቆሜ እያየሁት ጨረሰው። ከዚያ ባዶውን ባልዲ በአፍንጫው ወደኔ ገፋልኝ።