መቶ ቀን የተዘጋው ባሕር

ውድ ወንድሜ ኢላይቲያ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ባሕሩ ተከፈተ። አባባ ካረፈ መቶ ቀን ሞላው ማለት ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወደ ላውቶካ ከተማ የሄድክበትን ሰሞን አልረሳሁትም። ሆቴሉ ከመንደራችን ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ለእንግዶቹ መዋኛ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ተብሎ ሲመከር፣ ከሴቶቹ መሃል ተነሥቼ «ይሁን» ያልኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ደግሞ በሰው ፊት «ዓሣው ለእንግዳ፣ ጣሳው ለልጆቻችን፤ ይኸው ነው ያመጣሽልን?» አልከኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ዕቃህን ጠቅልለህ ሄድክ፤ ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት።

እውነቱን ልንገርህ፤ በዚያ ቃሌ ሙሉ በሙሉ አልተጸጸትኩም። የቤታችን ጣራ ማፍሰስ አቁሟል። የአጎታችን የሳኪዩሳ ልጅ ምጥ ሲጠናባት የሆቴሉ ፈጣን ጀልባ ባይደርስላት ዛሬ ባልኖረች። ወጣቶቹም እንደ ድሮው ደሴቱን ጥለው አይሄዱም። እኔ ራሴ በየቀኑ እንግዶቹን በጀልባ እየወሰድኩ፣ ከውሃው በታች ያለውን ሳሳያቸው ኖርኩ።

ግን አንተ ያልከውም ሆነ። አስጋሪዎቻችን የያዙትን ሁሉ ለሆቴሉ ወጥ ቤት ይሸጣሉ፤ እኛ ካሳቫችንን የምንበላው ከሱቅ በተገዛ የጣሳ ዓሣ ነው። ስኳር በሽታ ያልገባበት ቤት የለም። የዓርብ የመዝሙር ልምምድ ለእንግዶቹ በሚታየው ጭፈራ ምክንያት ወደ ማክሰኞ ዞረ፤ ኋላም ቀረ። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ አንዲት እንግዳ ጓሯችን ድረስ ገብታ ፎቶ አነሣችኝ። ፈገግ አልኩላት። ፈገግታው የሥራ ይሁን የልብ ለራሴም አልታወቀኝም።

አባባን በመጨረሻው ወር ምግብ እምቢ አለው። አንድ ጠዋት «ልጄ፣ ከደጃችን ባሕር የወጣ ዓሣ አማረኝ» አለኝ። መንደሩን ዞርኩ፤ በአንድም ቤት ዓሣ አላገኘሁም። መጨረሻ ላይ ሆቴሉ ሄጄ፣ እዚያ ወጥ ቤት የሚሠራውን የአክስታችንን ልጅ አፓኩኪን ለመንኩት። ሰው እንዳያይበት በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቀቅዬ አቀረብኩለት። አባባ አገላብጦ አየውና፣

«ራሱስ?» አለኝ።

«ሆቴሉ ቆርጦ ይጥለዋል፣ አባባ። እንግዶቹ የዓሣ ዓይን ሲያያቸው ይጨንቃቸዋል አሉ።»

«ታዲያ እኔ የአስጋሪዎች አለቃ ሆኜ ድርሻዬ ጅራቱ ሊሆን ነው? ይሁና፤ ይሄ ዓሣም እንደ እኛ መንደር ራሱን ሸጦ ነው የመጣው።»

እየሳቀ በላው። እኔ ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። በሳምንቱ ዐረፈ።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። መርዶው ከቀብር በኋላ የደረሰህ ስልክ ተበላሽቶ ነው ብዬህ ነበር። ስልኩ ደህና ነበር። ሦስት ቀን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ከመጣህ ያንኑ ቃል በለቀስተኛው ፊት ትደግምልኛለህ ብዬ ፈራሁ፤ በዚህኛው ጊዜ የሚስቅ ሰው እንደማይኖር አውቅ ነበር። አባትህን እንዳትቀብር አደረግሁህ። ይቅር በለኝ ብዬ ለመጻፍ እንኳ እጄ ስንት ቀን እምቢ አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የአስጋሪዎች አለቃ ሲሞት ባሕሩ መቶ ቀን እንደሚዘጋ፣ ማንም እንደማያሰግርበትና እንደማይዋኝበት ታውቃለህ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ግን «ዐሥር ቀን አይበቃም ወይ?» ብሎ ልኮ ነበር። የካቫው መጠጥ ጽዋ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ሁሉም እየጠጣ ለጎረቤቱ አሳለፈ። እኔ ተነሣሁ።

«መቶ» አልኩ።

ሳኪዩሳ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ልጅ፣ ባሕሩ ሲዘጋ ያንቺም ጉሮሮ አብሮ አይዘጋም ወይ?»

«ይዘጋ፣ አጎቴ። ያን ጊዜ ይሁን ያልኩት እኔ አይደለሁ? ዛሬ አይሆንም ማለትም የእኔ ዕዳ ነው።»

ሳኪዩሳ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ይሄ የኢላይቲያ አንደበት ነው፤ ዘግይቶ ደረሰልን። በቃ፣ መቶ ይሁን።»

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። ጀልባዎቹን ወደ ሌላ ደሴት አዞረና እኔን ልብስ ማጠቢያ ክፍል መደበኝ። መቶ ቀን አንሶላ አጠብኩ። አስጋሪዎቹም ገበያ አጡ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሰላምታ ነሥተውኛል። እኔም አልፈርድባቸውም።

ትናንት እኛ ሴቶቹ መረብ ይዘን ገባን። ዓሦቹ ሰው መፍራት ረስተው እግራችንን ይታከኩት ነበር። አፓኩኪ ለሆቴሉ ሊገዛ መጣ። «መጀመሪያ መንደሩ ይጥገብ» አልነው፤ ሽርጡን ፈትቶ አብሮን ሊበላ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ በሳምንት ሦስት ቀን የእንግዶች ጀልባ ባሕራችን እንዳይገባ ጠይቀዋል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ነው ያለው። ሰኞ እንነጋገራለን፤ እኔም እገኛለሁ።

የአባባ መቃብር ዙሪያው ገና ድንጋይ አልተደረደረበትም። የመጀመሪያውን የሚያኖረው የበኩር ልጁ ነው ብዬ ሰው እንዳይነካው ከልክያለሁ። መጥተህ ልትቆጣኝ ብትፈልግ፣ በሰው ፊትም ይሁን፣ ቆሜ እሰማሃለሁ።

ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው ጀልባ የሆቴሉ ብቻ ነው፤ ሌላ የለም። እንደማትወደው አውቃለሁ። እባክህ ተሳፈርበት።

እህትህ
ሴሩዋይያ